ምርጡ ለነጋዴው፣ የተረፈው ለማኅበሩ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። እኔና ባለቤቴ ከአንድ ሄክታር ትንሽ ከፍ የምትል ማሳ አለችን። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ እናመርታለን። ከሦስት ዓመት በፊት 40 የምንሆን ቤተሰቦች ተሰባስበን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋምን። ከዚያ በፊት ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ማኅበሩ ሲቋቋም ለምግብ ቤቶችና ለአንድ ትምህርት ቤት በቀጥታ መሸጥ ጀመርን። ደስ ብሎን ነበር።

አሁን ነገሩ ተበላሽቷል። ማኅበሩ ገንዘባችንን የሚሰጠን ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ነጋዴው ደግሞ መኪናውን ይዞ ማሳችን ድረስ ይመጣል፣ እጅ በእጅ ይከፍላል፣ ዋጋውም ከማኅበሩ ይሻላል። ስለዚህ ብዙዎቹ አባላት ምርጡን ለእሱ ይሸጡና የተረፈውን ወደ ማኅበሩ ያመጣሉ። እኔ ተጠንቅቄ ለቅሜ የማመጣው ከእነሱ ጋር ይቀላቀልና ሁላችንም እኩል ይከፈለናል። ባለፈው ወር አንድ ምግብ ቤት ሦስት ሳጥን ቲማቲም መለሰብን፤ ኪሳራውን ለሁላችንም አካፈሉት። ባለቤቴ «እንውጣ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖብናል» ይላል። የእኔ ልብ ግን አልቆረጠም። ሊቀ መንበሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ስለሆነ ስብሰባ ላይ አፌን ይዤ ነው የምቀመጠው። ልውጣ ወይስ ልቆይ?

እግረ መንገዴን ሌላም ልጠይቅዎ። ሰላጣውን ለቅሜ ዕቃ ቤት ባስገባሁት በማግስቱ ቢጫ እየሆነ አስቸግሮኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ። አሁን አትውጪ። ግን በዚህ አኳኋን ዝም ብለሽም አትቆዪ። ለማኅበሩ አንድ የምርት ወቅት ስጪው። በዚያ ወቅት ውስጥ አሠራሩን ካልለወጠ ያኔ ብትወጪ ማንም አይፈርድብሽም።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ልቤን የነካው «ሁላችንም እኩል ይከፈለናል» ያልሽው ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት በአንድ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሜ ምርት ተረክቤያለሁ። አንድ የማልረሳው ጠዋት አለ። አንድ አዛውንት ገበሬ ሁለት ሳጥን ቲማቲም ይዘው መጡ። ከሳጥኑ ሥር ደረቅ ሣር አንጥፈዋል። ፍሬዎቹን እርስ በርስ እንዳይጋጩ አንድ በአንድ ደርድረዋቸዋል። የአንዱ ፍሬ ዘንግ ሌላውን እንዳይወጋ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አዙረውታል። ከኋላቸው የመጣው ሰው በማዳበሪያ ከረጢት አጭቆ ነው ያመጣው፤ ከረጢቱ ከታች በኩል ረጥቧል። ሁለቱም ሲመዘኑ 40 ኪሎ ሆኑ። እኔም በመዝገቡ ላይ ስማቸውን ከላይና ከታች አድርጌ ጻፍኩ፦ 40፣ 40። አዛውንቱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው መዝገቡን አዩት። ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ ሲመጡ እሳቸውም በከረጢት ይዘው መጡ።

እኚያን ሰው ያሰነፈ ማን ነው? የእኔ መዝገብ ነው። ጎበዙንና ሰነፉን በአንድ መስመር የሚጽፍ ማኅበር ጎበዙን «አትልፋ» እያለው ነው። ከዚያ በኋላ ጎበዙ ወደሚያየው ሰው ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ ያያል፤ ቲማቲሙን በእጁ አገላብጦ፣ ጫን አድርጎ አይቶ፣ ለደህናው ደህና ዋጋ ይከፍላል። ማኅበራችሁ ከነጋዴው መማር ያለበት ይህንን ነው።

ነገሩ የእናንተ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ገበሬዎች ወተታቸውን ለቅቤና ለአይብ አምራቾች ሲያስረክቡ የሚከፈላቸው በክብደት ነበር። ውኃ ቢጨመርበትም፣ ቅባቱ ከላይ ቢገፈፍም፣ ሚዛኑ የሚያየው ክብደቱን ብቻ ነው። ንጹሕ ወተት የሚያመጣው ሰው የሌላውን ውኃ ዋጋ ይከፍል ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1890 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ባብኮክ በወተት ውስጥ ያለውን የቅባት መጠን በቀላሉ የሚለካ ዘዴ አወጣ። ትንሽ ወተት፣ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ምልክት ያለበት የብርጭቆ ጠርሙስና የሚሽከረከር መሣሪያ፤ በቃ። ማንም እንዲጠቀምበት ብሎ የፈጠራ መብቱን እንኳ ለራሱ አላስመዘገበም። በቅባቱ ልክ መክፈል ሲቻል ውኃ መጨመር የማያዋጣ ልፋት ሆነ። ማንም ማንንም መገሠጽ አላስፈለገውም።

ለቲማቲም አሲድ አያስፈልግም። ስምምነትና ዓይን ይበቃል። አባላቱ ተሰብስበው አንደኛ ደረጃ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛ ደረጃ ምን እንደሆነ በእውነተኛ ሳጥን ላይ ያሳዩ። መጠኑ ይሄን ያህል፣ ቀለሙ እንዲህ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልለሰለሰ። ሳጥኖቹን ፎቶ አንስታችሁ ሚዛኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ ደረጃ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ፎቶ ግን ሁሉም በአንድ ዓይን ያየዋል። ከዚያ ዋጋውን ለያዩት። ልዩነቱ ደግሞ ለይስሙላ መሆን የለበትም፤ ለመለየትና ለመደርደር የሚወስደውን ሰዓት የሚከፍል መሆን አለበት።

ሌላው የአባሉ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ የአባሉ ቁጥርና የተለቀመበት ቀን ይጻፍበት። ትንሽ ካርቶን በክር ማንጠልጠል ነው፤ ወጪ የለውም። ያን ጊዜ ምግብ ቤቱ ሳጥን ሲመልስ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ኪሳራው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። አንቺ የሌላ ሰው ለስላሳ ቲማቲም ዕዳ አትሸከሚም። እኔ እንደማየው በማኅበራችሁ ላይ ከተፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የባሰው ያ የሦስቱ ሳጥን ኪሳራ ክፍፍል ነው። አከፋፈሉ ቸርነት ሊመስል ይችላል። ግን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥፎ ብታመጣም ሌላው ይከፍልልሃል።

ደረጃ የሚያወጣው ሰውም ይታሰብበት። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሐሜት አይጠፋም። ሁለት ሆነው፣ በየወሩ እየተቀያየሩ፣ ባለምርቱ እዚያው ቆሞ እያየ ቢሠሩት ይሻላል። ደረሰኙም እዚያው ይቆረጥ። «ነገ ነይና ውሰጂ» የሚባል ደረሰኝ ብዙ ነገር ያስቀይማል።

አሁን ወደ ነጋዴው ልምጣ። ሰውየውን እንደ ጠላት አትዪው። መኪና አለው፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፣ የገዛው ቢበሰብስ የሚከስረው እሱ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው። ግን ባለቤትሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ይኸው ነጋዴ ስንት ይከፍል ነበር? አንቺው ጽፈሻል፤ የጠራውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበራችሁም። ዛሬ ማሳችሁ ድረስ የሚመጣው፣ ከማኅበሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚከፍለው ማኅበሩ ስላለ ነው። ባትሸጡለት የምትሄዱበት ቦታ እንዳላችሁ ያውቃል።

ይህንን ኤድዊን ኖርስ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ አጥብቆ ተናግሮታል። እሱ እንደሚለው የገበሬዎች ማኅበር ገበያውን በሙሉ መያዝ የለበትም። መለኪያ ሆኖ መቆሙ ይበቃል። ማኅበሩ እዚያ እስካለ ድረስ ሌላው ገዢም ከእሱ ብዙ ወርዶ መክፈል አይችልም። ጥቅሙ ግን ለሁሉም ስለሚደርስ ወጪውን መሸከም የሚፈልግ ሰው ያንሳል። እናንተን የገጠማችሁ ይኸው ነው። ሁሉም በመለኪያው ይጠቀማል፣ መለኪያውን ግን የሚይዘው ሰው እየቀነሰ ነው። ማኅበሩ ቢፈርስ ነጋዴው በቀጣዩ አዝመራ በዚሁ ዋጋ ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ አላስብም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ እፈራለሁ።

ይህን ስል ግን ታማኝ ሁኑ ብሎ መስበክ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለባቸው እናት ስድስት ሳምንት ጠብቂ ስትባል ምን ታድርግ? ዘር መግዛት አለ፣ የቀን ሠራተኛ መክፈል አለ። ነጋዴው የሚያሸንፋችሁ ከዋጋው ይልቅ በቀኑ ይመስለኛል። ስለዚህ የክፍያውን ጉዳይ ሳትፈቱ ስለ ታማኝነት ብታነሱ ሰው አይሰማችሁም።

ማኅበሩ ለምን ይዘገያል? አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። ምግብ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በዱቤ ይገዛሉ፤ ከወር በኋላ ይከፍላሉ። ማኅበሩ ደግሞ በመሀል የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ የገዢዎቹን ዱቤ የምትሸከሙት እናንተ ገበሬዎቹ ናችሁ። መፍትሔው ክፍያውን በሁለት ዙር ማድረግ ነው። ምርቱን ባስረከብሽ በሳምንቱ ውስጥ ከዋጋው ለምሳሌ ከመቶ 60 ያህሉን ትወስጃለሽ፤ ቀሪው ገዢው ሲከፍል ይመጣል። ቀኑ በደንብ ይቆረጥ። «በቅርቡ» አይባልም፤ «በየሳምንቱ ዓርብ» ይባላል።

ለመጀመሪያው ክፍያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከእናንተው ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ትንሽ፣ ከመቶ ሦስት ወይም አምስት፣ ይቀነስና ለሥራ ማስኬጃ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ ግን በእያንዳንዱ አባል ስም መመዝገብ አለበት፤ ያንቺ ድርሻ ስንት እንደደረሰ በፈለግሽው ቀን ጠይቀሽ ማየት አለብሽ። በስምሽ ያልተጻፈ መዋጮ ከጊዜ በኋላ የማንም ይሆናል። ማኅበሩ ለገዢዎቹም ዱቤውን ያሳጥር። አንድ ገዢ በ15 ቀን የሚከፍል ከሆነ ትንሽ ቅናሽ ቢደረግለት ከሚያስቆየው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ሆነው የጀመሩት ማኅበር፣ ዛሬ የኅብረት ሥራ ሁሉ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው፣ ከመጀመሪያዎቹ ደንቦቹ አንዱ ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይሁን የሚል ነበር። የእነሱ የሸማቾች ሱቅ ነው፤ እንደ እናንተ አምራቾች አይደሉም። ግን ዱቤ ከእነሱ በፊት የነበሩ ብዙ ማኅበራትን እንደበላ አይተው ነው ደንቡን ያወጡት።

ደረጃውና ክፍያው ከተስተካከሉ በኋላ ነው ስለ ቃል ኪዳን ማውራት የሚቻለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከናንተ የሚገዛው ምንድን ነው? ካሮት ነው ትይኝ ይሆናል። ካሮት ሌላም ጋ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የሚገዛው «በየማክሰኞው ጠዋት ይሄን ያህል ኪሎ ካሮት በሩ ላይ ይደርሳል» የሚለውን ቃል ነው። ወጥ ቤቷ ያንን አምና ነው ድስቷን የምትጥደው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ሄክታር ይህንን ቃል መስጠት አይችልም፤ ዝናብ ይዘገያል፣ ተባይ ይገባል፣ ልጅ ይታመማል። 40 ቤተሰቦች ግን ይችላሉ። የማኅበራችሁ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ነጋዴው ከዚህ የሚወስድባችሁ ነገር ቢኖር ይህንን ነው። አባላቱ ምርጡን በጎን ሲሸጡ ትምህርት ቤቱ አንድ ማክሰኞ ግማሽ ይደርሰዋል፣ ሌላ ማክሰኞ ምንም አይደርሰውም። ከዚያ ሌላ ሰው ይፈልጋል። አንዴ የሄደ ገዢ ደግሞ በልመና አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1882 በዴንማርክ ዬዲንግ በተባለች የገጠር መንደር ገበሬዎች የራሳቸውን የወተት ማቀነባበሪያ ሲያቋቁሙ ይህንን ገና ከመጀመሪያው አስበውበታል። አባል የሆነ ሰው ለቤቱ ከሚጠጣው በቀር የላሞቹን ወተት በሙሉ ለማኅበሩ እንዲያስረክብ በደንቡ ግዴታ ገባ። ትርፉ የሚከፋፈለው ባመጡት ወተት ልክ ነው። በዴንማርክ የገበሬዎች ማኅበራት ድምፅ የሚሰጠውም በሰው ራስ እንጂ በላም ራስ አይደለም ይባል ነበር፤ ሁለት ላም ያለው ሰውና ሃያ ላም ያለው ሰው እኩል አንድ ድምፅ አላቸው ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያች ትንሽ አገር በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ተቋቋሙ።

እናንተ «ሁሉንም አምጡ» ብላችሁ እንድትጀምሩ ግን አልመክርም። ሰው ዛሬ ማኅበሩን አያምነውም፤ ሁሉንም ስጥ ቢባል እሺ ይልና በጎን ይሸጣል። ከግማሽ ጀምሩ። እያንዳንዱ አባል ከመዝራቱ በፊት «ከማሳዬ ይሄን ያህል ሳጥን አንደኛ ደረጃ፣ በእነዚህ ሳምንታት አመጣለሁ» ብሎ ይፈርም። የቀረውን ለፈለገው ይሽጥ፤ ነጋዴውም ይግዛው፣ ጎረቤትም ይግዛው፤ በግልጽ ይሁን። ሰውን የሚያስዋሸው ክልከላው ነው። የተፈቀደ ነገር አይደበቅም። ቃሉን ላጠፈ ሰው ቅጣቱ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለምሳሌ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፋፈለው ትርፍ ድርሻው ይቀነስ። ቃሉን የጠበቀ ደግሞ ትርፉን ባመጣው ልክ ይውሰድ።

ፊርማው ሌላም ጥቅም አለው። ማን መቼ ምን እንደሚያመጣ ከታወቀ አዘራሩንም ማቀናጀት ይቻላል። ሁላችሁም ቲማቲም በአንድ ሳምንት ከተከላችሁ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ ያን ሳምንት ዋጋ ይወድቃል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ባዶ ትሆናላችሁ። አሥሩ ቤተሰብ ዛሬ፣ አሥሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሥሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢተክሉ ትምህርት ቤቱ ለወራት ሳይቋረጥ ያገኛል። ይህንን ነጋዴ አያደርግላችሁም። አንድ ጠንካራ አባልም ብቻውን አያደርገውም።

ማሳሽን ደግሞ ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ከዓለም እርሻዎች ከመቶ 84 ያህሉ ከሁለት ሄክታር በታች ናቸው። የያዙት መሬት ከእርሻ መሬቱ ከመቶ 12 ያህሉን ነው። የሚያመርቱት ምግብ ግን ከዓለም አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው። አንቺን የመሰለ ገበሬ ነው ዓለምን የሚያበላው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ወደ ዋርሳሽ ጉዳይ። ከደብዳቤሽ እንደሚገባኝ ከባዱ ዋጋውም ክፍያውም አይደለም፤ ይኸኛው ነው። የባልሽ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ በቤት ውስጥ ይከበራሉ፣ በስብሰባ ላይ ብትቃወሚያቸው ቤተሰብ ይቀየማል። ዝም ብትዪ ደግሞ ሆድሽ ይቃጠላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በማኅበሩ የአባላት መዝገብ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? ብዙ ቦታ አባል ሆኖ የሚመዘገበው ባል ነው፤ የምትለቅመው፣ የምትደረድረው፣ ሳጥኑን ተሸክማ የምታመጣው ሚስት ግን ድምፅ የላትም። የአንቺም እንዲህ ከሆነ በስምሽ ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ገዝተሽ አባል ሁኚ፤ ደንባችሁ በአንድ ቤት ሁለት አባል የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ደንቡ እንዲሻሻል አጀንዳ አስይዢ። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ላይ የመጀመሪያው አባልነት በፈቃድና ያለ አድልዎ ክፍት ይሁን ይላል፤ በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይኖር በስሙ ጠቅሶታል። ሁለተኛው አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ይህን ስታነሺ ያለ ቦታሽ ገባሽ የሚልሽ ሰው ካለ ደንቡን አላነበበም።

ከዋርሳሽ ጋር ስትነጋገሪ ከጉባኤው በፊት ይሁን፣ ለብቻችሁ ይሁን። ጉባኤ ላይ በድንገት የተያዘ ሊቀ መንበር ራሱን ይከላከላል እንጂ አይሰማም። ባለቤትሽም አብሮ ይቀመጥ፤ ግን አንቺው ተናገሪ፤ ምርቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። ከዛሬ ጀምረሽ ለሦስት ሳምንት በደብተር ያዢ፤ በየቀኑ ስንት ኪሎ አስረከብሽ፣ ከእሱ ስንቱ አንደኛ ደረጃ ነበር፣ በየትኛው ቀን ምን ያህል ተከፈለሽ፣ ነጋዴው በዚያው ቀን ስንት ይከፍል ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው። «እርስዎ አላስተዳደሩም» ብትያቸው ይቆጣሉ። «ወንድም ጋሼ፣ ማኅበሩ እንዳይፈርስብን ፈርቼ ነው፣ ይህን አብረን እንየው» ብለሽ ጀምሪ። የጻፍሽውን ቁጥር ሲያዩ ምናልባት እሳቸውም በምን እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸው እንደነበር ይነግሩሽ ይሆናል። ብዙ ሊቀ መንበር አውቃለሁ፤ ያለ ደመወዝ፣ የራሳቸውን ማሳ ጥለው፣ ከሁሉም ወቀሳ የሚቀበሉ ናቸው። ለእሳቸውም ከባድ ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

ከተስማሙ ሐሳቡን ጉባኤ ላይ እሳቸው ያቅርቡት። ክብሩ ለእሳቸው ይሁን፣ ለውጡ ለአንቺ ይሁን። ካልተስማሙ ግን ከሌሎች አምስት ስድስት አባላት ጋር ሆነሽ አጀንዳ አስይዢ። እንዳንቺ ለይተው የሚያመጡ ሌሎችም አሉ፤ በጠዋት ሚዛኑ ጋ ስትቆሚ ሳጥናቸውን እያየሽ ታውቂያቸዋለሽ። እነሱም እንዳንቺ ዝም ብለው ይሆናል።

መቼ ነው መውጣት ያለብሽ? አንደኛው ምልክት የሒሳብ መዝገብ ነው። አባል ሆነሽ ሒሳቡን ማየት ከተከለከልሽ፣ ዓመት አልፎ ኦዲት ካልተደረገ፣ ገንዘብ የሚይዘውና ወጪ የሚፈቅደው አንድ ሰው ከሆነ፣ አትቆዪ። ሌላው የኮሚቴ አባላቱ ናቸው። ደረጃ ይውጣ ብለው ድምፅ ሰጥተው እነሱ ራሳቸው ምርጡን በሌሊት ለነጋዴው የሚጭኑ ከሆነ ያ ማኅበር አይድንም። ከመውጣትሽ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን አንብቢ፤ የዕጣ ገንዘብሽና በስምሽ የተቀመጠው እንዴትና መቼ እንደሚመለስ እዚያ ተጽፏል። በጽሑፍ አመልክቺ፣ ግልባጩን ያዢ። ስትወጪም ሳትጣዪ ውጪ፤ ጎረቤቶችሽ ናቸው፣ የውኃ ተራውንም አብራችሁ ነው የምትጠብቁት።

ባለቤትሽን ደግሞ አትጫኚው። ድካሙ እውነት ነው። «አንድ ወቅት ብቻ፣ ከዚያ አብረን እንወስናለን» በዪውና ቀን ቁረጡለት። እስከዚያው ከማሳችሁ ግማሹን ለማኅበሩ፣ ግማሹን ለነጋዴው ሽጡ። ግን በግልጽ፣ ሊቀ መንበሩም እያወቁ ይሁን። ለማኅበሩ የምታመጪው ግማሽ ደግሞ እንደ ወትሮሽ የተለየና ያማረ ይሁን። ደረጃ ሲወጣ ናሙናው የአንቺ ሳጥን እንዲሆን እመኛለሁ።

ስለ ሰላጣው ደግሞ፣ ቲማቲሙ አጠገብ ስለሚያድር ይመስለኛል። የሚበስል ቲማቲም ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሌላውን ፍሬ ቶሎ ያበስላል፣ ቅጠላ ቅጠሉን ደግሞ ቢጫ ያደርጋል። አይታይም፤ በር ዘግተሽ ስታሳድሪው ይጠራቀማል። ሙቀትም አለበት። የተለቀመ አትክልት እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ዕድሜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ስለዚህ ሰላጣውን ፀሐይ ሳይወጣ ልቀሚው፣ ጥላ ውስጥ አድርጊው፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ነከር አድርገሽ አንጠፍጥፊውና እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ሰላጣው በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል፤ ቲማቲሙ ግን ከ12 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይጠፋል። አንድ ላይ የሚያድሩበት ምክንያት የለም። ሁለት ክፍል ከሌለሽ ቲማቲሙን ነፋስ ወደሚያገኘው ወደ በረንዳው አውጪው፣ ሰላጣውን ውስጥ ተዪው። ዛሬ ማታ ሞክሪውና ነገ ጠዋት ቅጠሉን እዪው።